ከውጭ የሚገባ ርካሽ አሉሚኒየም ሰልፌት፦ የፀረ ዳምፒንግ ምርመራ ለማስከፈት ምን ያስፈልጋል?

የመክፈቻ ጽሑፍ። ክሩን (በመድረኩ ላይ የተካሄደውን የጽሑፍ ውይይት) የከፈተው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የኢንዱስትሪ ኬሚካል የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ለውኃ ማጣሪያ የሚውለው አሉሚኒየም ሰልፌት ከውጭ ሲመጣ ጂቡቲ ድረስ ቶኑ 240 ዶላር ይፈጃል እንበል ይላል። አምራቹ በራሱ አገር ለደንበኛው 225 ዶላር ያደርሳል። የእኛ አገር ፋብሪካ ግን በዚህ ዋጋ ሸጦ አያተርፍም። ስለዚህ ዕቃ እያራገፉብን ነውና ምርመራ ይከፈት፤ ማመልከቻውን ማን ይጻፍ፣ ምን ይያያዝበት ሲል ጠየቀ። ቁጥሮቹን ለመነጋገሪያ ያህል እንዳስቀመጣቸው ከጽሑፉ ግርጌ ገልጿል፤ ይህን ሳያነቡ የተነሱበት ግን አልጠፉም። ምላሾቹን በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ተራ ቁጥራቸውን አልነካሁም።

ምላሽ 1። የንግድ ሕግ የሚያውቅ ሰው በአክብሮት ጀመረ። ርካሽ መሆን ብቻውን ዳምፒንግ አይደለም። ዳምፒንግ የሚባለው ላኪው ዕቃውን በራሱ ገበያ ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ወደ ውጭ ሲልክ ነው። ከእኛ ፋብሪካ ዋጋ ጋር የሚደረገው ንጽጽር የሚጠቅመው ጉዳትን ለማሳየት ነው። ለምርመራ ሦስት ነገር መቅረብ አለበት፦ ዳምፒንጉ፣ በአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ላይ የደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ከዳምፒንጉ መምጣቱ። አንዱ ከጎደለ ፋይሉ አይራመድም።

ምላሽ 2። አጭርና ቆምጠጥ ያለ። 240 ከ225 ይበልጣል፤ ላኪው ለእኛ የሚሸጠው ከአገሩ ሰው አስወድዶ ነው፤ ጠያቂው በገዛ ቁጥሩ ተረትቷልና ክሩ ይዘጋ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ደግፎታል፤ ስህተትም ነበር።

ምላሽ 3። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ 2ኛውን አረመች። የክሩ ምርጥ ምላሽ ይህ ይመስለኛል። ሁለቱ ዋጋዎች አንድ ቦታ ላይ አልቆሙም፤ አንደኛው ባሕር ተሻግሮ ጂቡቲ የደረሰ ዋጋ ነው፣ ሌላኛው በአገሩ መኪና ተጭኖ ደንበኛ ቤት የደረሰ። ሁለቱም ወደ ፋብሪካ በር መመለስ አለባቸው። ከ240 ላይ የባሕር ጭነት 45፣ ኢንሹራንስ 1፣ ላኪው አገር ውስጥ እስከ ወደብ የሚከፍለው ማጓጓዣና የወደብ ወጪ 14 ይነሣ። ገዢው በ90 ቀን የሚከፍል ከሆነ በዓመት 8 በመቶ ወለድ የዱቤው ዋጋ ወደ 5 ዶላር ነው። ፋብሪካ በር ላይ 175 ቀረ። በአገር ቤቱ ወገን ከ225 ላይ ማጓጓዣ 15፣ የጅምላ ቅናሽ 7፣ የ60 ቀን ዱቤ 3 ሲነሣ 200 ይቀራል። ልዩነቱ 25 ዶላር ነው፤ ዳምፒንግ አለ። 2ኛው ምላሽ የለም ያለው የመርከቡን ኪራይ እንደ ዕቃው ዋጋ ቆጥሮ ነው። ጠያቂው ደግሞ አለ ያለው ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱን አላወቀውም።

ምላሽ 4። ያንኑ ስሌት አንድ እርምጃ ወሰደው። 25 ለ175 ሲካፈል 14.3 በመቶ ነው። ዳምፒንግ ሲረጋገጥ የሚጣለው ተጨማሪ ቀረጥ የሚሰላው ግን ወደብ በደረሰው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ለአከፋፈል እንዲመች 25 ለ240 ተካፍሎ 10.4 በመቶ ተብሎ ይገለጻል፤ የአውሮፓ ኅብረት የሚሠራበት መንገድ ይኸው ነው። በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ልዩነቱ ከኤክስፖርት ዋጋው 2 በመቶ በታች ከሆነ ምርመራው ወዲያው ይቋረጣል። ሁለት ማስጠንቀቂያም አከለ። የአገር ቤቱ ዋጋ የሽያጭ ታክስ ያልተጨመረበት ይሁን። ላኪው በአገሩ የሚሸጠው መጠን ወደ እኛ ከሚልከው 5 በመቶ ካልሞላ ደግሞ ያ ዋጋ ለንጽጽር አይበቃም፤ ወደ ሌላ አገር የሚልክበት ዋጋ ወይም ከወጪ ተነስቶ የሚሰላ ዋጋ ይፈለጋል።

ምላሽ 5። ትራንዚተር ነው፤ ነገሩን ወደ ሰነድ አወረደው። ዲክላራሲዮን ላይ ያለው ዋጋ እውነተኛ መሆኑን ማን አረጋገጠ? አስመጪው በሁለት ፋክቱር የሚሠራ ከሆነ፣ ለጉምሩክ የሚቀርበው 180፣ ለላኪው በእርግጥ የሚከፈለው 240 ሊሆን ይችላል። በ180 የተሰላ የዳምፒንግ ልዩነት ውሸት ነው። ዋጋ አሳንሶ ማሳየት የጉምሩክ ዋጋ አተማመን ጉዳይ ነው፣ መፍትሔውም የተለየ ነው። ላኪው ከመርማሪዎቹ የሚላክለትን መጠይቅ ሲመልስ እውነተኛውን ፋክቱርና የባንክ ማስተላለፊያውን ካያያዘ የአመልካቹ ስሌት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት በታሪፍ ቁጥር 2833.22 የገባው ሁሉ በየወሩ፣ በየመነሻ አገሩ ተለይቶ ይውጣ፤ ዋጋ በኪሎ ይሰላ፤ ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ያለው ጭነት ለብቻው ይታይ። አሉሚኒየም ሰልፌት በሌላ ንዑስ ቁጥር ተመዝግቦ የሚገባበት ጊዜም አለና የዕቃ መግለጫው ዓምድ ይነበብ። መነሻ አገርና የተጫነበት አገርም ይለያያሉ፤ ቀረጡ የሚጣለው በመነሻ አገር ነው።

ምላሽ 6። ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ እሱ ራሱ ማመልከት ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

ምላሽ 7። አይችልም፤ አከፋፋይ አምራች አይደለም። ማመልከቻው ያንኑ ዕቃ በአገር ውስጥ ከሚያመርቱት ነው የሚመጣው። ስምምነቱ ሁለት መስፈሪያ አለው። ሐሳብ ከሰጡት አምራቾች ምርት ውስጥ የደጋፊዎቹ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፤ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ደግሞ ቢያንስ 25 በመቶ። መላሹ ምሳሌ ሰጠ። ሀ 40፣ ለ 10፣ ሐ 50 በመቶ ያመርታሉ። ሀ ደግፎ፣ ለ ተቃውሞ፣ ሐ ዝም ካለ፣ 40 ከ50 ላይ 80 በመቶ ነው፣ 25ንም ያልፋል፤ ይከፈታል። ሐ ከተቃወመ ግን 40 ለ60 ነውና ወድቋል። አሉሚኒየም ሰልፌትን በተመለከተ አዋሽ መልካሳ ያለው የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የሚታወቅ ነው፤ አምራቹ ጥቂት በሆነበት ዕቃ ይህ መስፈሪያ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ራሱ አምራቹ አስመጪም ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ከአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ቆጠራ ሊወጣ ይችላል።

ምላሽ 8። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሳሙና የሚያመርት ሰው ነው፤ ክሩ ስለ አሉሚኒየም ሰልፌት መሆኑ አልገደደውም፣ ነገ ኮስቲክ ሶዳ ላይ ትመጣላችሁ አለ። 100 ኪሎ ሞራ ወይም ፓልም ዘይት ሳሙና ለማድረግ 14 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ኮስቲክ ይበላል። የእሱን ዋጋ በ10 በመቶ አስወድዶ ሳሙናውን ከውጭ ያለ ተጨማሪ ቀረጥ ማስገባት አንዱን ፋብሪካ አድኖ ሃያውን መግደል ነው። የኮንቴይነር ኪራይና የሞጆ ወደብ ወጪም ሳይነሳ አልቀረም። ንዴቱ ከመጠን ያለፈ ቢሆንም ነጥቡ የዋዛ አይደለም። ዕቃውን እንደ ግብዓት የሚጠቀሙ ኢንዱስትሪዎች በምርመራው ሐሳባቸውን የማቅረብ ዕድል አላቸው፤ ብዙ አገሮችም የሕዝብ ጥቅም መመዘኛ ብለው ያዩታል።

ምላሽ 9። የውኃ ማጣሪያ ኬሚስት ናት፤ ለ8ኛው በቁጥር መለሰች። 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ በሊትር 40 ሚሊግራም መጠን ቢታከም 40 ኪሎ አሉሚኒየም ሰልፌት ይፈጃል። ቶኑ በ25 ዶላር ቢጨምር ጭማሪው በ1,000 ሜትር ኩብ 1 ዶላር ነው። ክረምት ድፍርስነቱ ሲያይል መጠኑ እጥፍ ቢሆን እንኳ 2 ዶላር። ማንም ቤት የውኃ ሒሳብ በዚህ አይናጋም፤ ኮስቲክ ለሳሙና ሰሪው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱ አይደባለቁ።

ከዚያ ማንም ያላነሳውን አነሳች። ቶን ከቶን አይወዳደርም፤ የሚገዛው በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ደረቁ ጥሩ ሲሆን 17 በመቶ ይይዛል፣ ፈሳሹ ወደ 8 በመቶ። አንዱ ጭነት 15.3 በመቶ ብቻ ከሆነ ለዚያው ውኃ በ40 ፋንታ 44.4 ኪሎ ያስፈልጋል፤ 240 ዶላር ተብሎ የተገዛውም በ17 በመቶ ሚዛን 267 ዶላር ገደማ ነው። ማመልከቻው ውስጥ ፈሳሽና ደረቅ በአንድ ዓምድ ከተደመሩ የገቢ መጠኑ ይጋነናል፣ አማካይ ዋጋውም ያለ አግባብ ይወርዳል፤ የላኪው ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ኮስቲክም እንዲሁ፦ 100 ቶን ባለ50 በመቶ ፈሳሽ 50 ቶን ደረቅ ተብሎ ይመዝገብ። የማይሟሟው ዝቃጭና የብረት መጠንም በላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ይታይ። ባለ50 ኪሎ ከረጢቱ ተቀዶ ርጥበት ገብቶት የተጋገረ ዕቃ በቅናሽ ሲሸጥ ያ ዋጋ የዳምፒንግ ማስረጃ አይሆንም።

ምላሽ 10። ክረምትና ድፍርስ ሲባል አንዱ ለጎንደር ውኃ ወደሚያቀርበው አንገረብ ግድብ ሄደ። ደለሉ ካልተጠረገ፣ ተፋሰሱ ላይ ዛፍ ካልተተከለ የኬሚካሉ ዋጋ ቢረክስ ምን ይሠራል አለ። ከዚያ የመገጭ ግድብ መጣ፣ ከመገጭ ወደ አዘዞ መንገድ ተሻገሩ።

ምላሽ 11። ሌላው እዚያው ቀጠለና አሲዳማነትን ለማቅለል የሚጨመረውን የኖራ ጉዳይ አነሳ። አሉሚኒየም ሰልፌት የውኃውን አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅም) ይበላል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊግራም ግማሽ ሚሊግራም ያህል፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሚዛን። ስለዚህ በጃር ቴስት (በትናንሽ ማሰሮዎች በሚደረግ የመጠን ሙከራ) ሳይለኩ መጠን መጨመር ውኃውን አሲዳማ ያደርገዋል፣ ድፍርሱም በደንብ አይቋጠርም። ትክክል ነው፤ ከርእሱ ግን ወጥቷል።

ምላሽ 12። አወያዩ ደለልና መገጭ የራሳቸው ክር እንዲከፈትላቸው ጠይቆ ሰውን ወደ ጉዳዩ መለሰ።

ምላሽ 13። የኬሚካል መሐንዲስ። የላኪው የአገር ቤት ዋጋ ካልተገኘ ከወጪ ተነስቶ ይገነባል፤ 1 ቶን ባለ17 በመቶ አሉሚኒየም ሰልፌት ለማምረት 260 ኪሎ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና 500 ኪሎ ገደማ ባለ98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል፣ ብክነት ሳይጨምር። በዚያ ላይ ጉልበት፣ መብራት፣ ማሸጊያ፣ የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪ፣ ተመጣጣኝ ትርፍ ይደመራል። ሰው የሚሳሳተው አሲዱ ላይ ነው። እኛ አገር ድኝ ከውጭ ተገዝቶ፣ ተቃጥሎ ነው አሲድ የሚሆነው። መዳብ ወይም ዚንክ በሚያቀልጡ አገሮች ግን አሲዱ የጭሱ ተረፈ ምርት ነው፤ ማከማቻው ሲሞላ በርካሽ ይለቀቃል። በእኛ የአሲድ ዋጋ የተገነባ መደበኛ ዋጋ (የኤክስፖርት ዋጋው የሚነጻጸርበት የላኪው የአገር ቤት ዋጋ) ያበጠ ነው፤ ላኪው የአሲድ ደረሰኙን አውጥቶ ያስተነፍሰዋል። የላኪው አገር የአሲድ ዋጋ ይያዝ፣ ምንጩና ወሩም ይጻፍ።

ምላሽ 14። ጉዳት ስለሚባለው። መርማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ለዳምፒንግ የ12 ወር፣ ለጉዳት የሦስት ዓመት መረጃ ይፈልጋሉ፦ ምርት፣ ሽያጭ፣ የገበያ ድርሻ፣ የማምረት አቅም አጠቃቀም፣ ክምችት፣ ትርፍ፣ የገንዘብ ፍሰት፣ የሠራተኛ ብዛትና ደመወዝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው ከባዱ። ፋብሪካው የቆመው መብራት ጠፍቶ ነው ወይስ የውጭ ዕቃ ገበያውን ወስዶበት? ለድኝ መግዣ የውጭ ምንዛሪ አጥቶ ከሆነ ያ ጉዳት ለላኪው አይቆጠርም። በጥናት ዘመኑ መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ካለ ደግሞ የብር ዋጋ ሰንጠረዡ ይዘበራረቃል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ተለይቶ ይቅረብ።

ምላሽ 15። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብሎ የጀመረ። በ14ኛው ላይ አምርሮ መጣ፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ሰንጠረዥ ትሠራላችሁ፣ ቀረጡ ዛሬውኑ ይጣል የሚል ነው። እስከዚያ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት እዚህ ላይ አንተ ተባባሉ። የሳሙናው ሰው ተመልሶ ቀረጥ ሲከብድ ዕቃው በመተማ በኩል በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ታክስ የሚከፍለው ብቻውን ይቀጣል አለ። 15ኛው ደግሞ ኮንትሮባንዲስቱን የሚያውቅ ራሱ ነው ብሎ ሰደበው። አወያዩ ሁለት ቦታ ቆርጧል።

ምላሽ 16። የ1ኛው ሕግ አዋቂ በለሰለሰ ቃል ተመለሰ፣ ለ15ኛው ግን አልራራም። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ለፋብሪካ በቀጥታ መብት አይሰጥም፤ መብቱ ከአገር ውስጥ ሕግ ነው የሚመነጨው። ኢትዮጵያ ለአባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጣራት ያለበት የመመርመር ሥልጣን የተሰጠው አካል የትኛው እንደሆነና የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ ነው፤ በር የሚንኳኳው ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይጀምር። ሳይመረመር ዛሬውኑ የሚጣል ቀረጥ ፀረ ዳምፒንግ አይባልም። ገቢው በድንገት አሻቅቦ ከሆነና የላኪው አሠራር ነውር ከሌለው ሴፍጋርድ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የራሱ ምርመራ አለው፣ ጉዳቱም ከባድ መሆን አለበት።

ምላሽ 17። ጊዜ ይጠየቃል። በስምምነቱ ጊዜያዊ ቀረጥ ምርመራው ከተከፈተ 60 ቀን ሳይሞላ አይጣልም። ምርመራው በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ቢበዛ በ18 ወር። የሚጣለው ቀረጥ እንዲራዘም ካልተወሰነ በ5 ዓመት ያበቃል። ምሳሌውን ከአውሮፓ ኅብረት አመጣ፦ ከቻይና በሚገባ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ምርመራው በኅዳር 2023 ተከፈተ፣ ጊዜያዊ ቀረጥ በሐምሌ 2024፣ የመጨረሻው በጥር 2025 መጣ፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.። የመጨረሻው ቀረጥ በመቶኛ ሳይሆን በኪሎ ቋሚ መጠን መሆኑን ልብ በሉ አለ። በ5ኛው ምላሽ የተነሳው በሁለት ፋክቱር የመሥራት ጉዳይ የሚመልሰው ይኸው ነው፤ ፋክቱሩ ላይ 180 ቢጻፍም 240 ቢጻፍም የሚከፈለው ቀረጥ አንድ ነው። ለሳሙናው ሰውም ቁራሽ መልስ ነበረው፦ የአገር ውስጡን አምራች ጉዳት ለማስወገድ 6 በመቶ ከበቃ 10.4 መጣል ግዴታ አይደለም፣ ስምምነቱ ያነሰው ቢጣል ይመረጣል ይላል።

ምላሽ 18። ጠያቂው አንዱ ላኪ አገር ከጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ ብቻ ቢይዝስ አለ። የሒሳብ ባለሙያዋ መለሰች፦ ከ3 በመቶ በታች የሆነ አገር ይታለፋል። ሦስት አገሮች 2.5፣ 2.8 እና 2.6 በመቶ ይዘው ከሆነ ግን ድምሩ 7.9 ነው፤ ከ7 በመቶ ስለሚበልጥ ሦስቱም ይገባሉ።

ምላሽ 19። የመጨረሻው ስለ ፋይሉ አዘገጃጀት ነው። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፦ አንዱ ሚስጥራዊ፣ አንዱ ለሁሉም ክፍት። በክፍቱ ላይ የወጪና የትርፍ ቁጥር ጠቁሮ ብቻ አይለፍ፤ የመጀመሪያው ዓመት 100 ተብሎ ተከታዮቹ በዚያ ይመዘኑ፣ 100፣ 88፣ 71 እንደማለት። አምራቹ አንድ ብቻ ሲሆን ይህ የግድ ነው፣ ድምሩን መስጠት የእሱን ምስጢር መስጠት ነውና። ላኪዎች መጠይቁን ለመመለስ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጣቸዋል፤ ቀኑ የሚቆጠረው መጠይቁ ከደረሳቸው ጀምሮ ሲሆን፣ ከተላከ አንድ ሳምንት ሲሞላው እንደደረሳቸው ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ አመልካች በ31ኛው ቀን ላኪው አልመለሰም ብሎ ይጮኻል። ምርመራው እስኪከፈት ድረስም ወሬው ባይወጣ ይሻላል፤ አስመጪዎች ቀድመው ከሰሙ ቀረጡ ሳይደርስባቸው መጋዘን ይሞላሉ፣ የሚቀጥለው ስድስት ወር ሽያጭም በዚያ ያልቃል።